ከባቡሩ ጀርባ የሚቆም ተራራ

አሁንም ሳወራው ያንገበግበኛል። በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ አናጢ ነበርኩ። የመንገድ ሥራው አለቃ፣ አንድ ጣሊያን፣ ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ሙሉ የመጫወቻ ባቡር ነበረው። በአስተርጓሚ አስጠራኝና «ከባቡሩ ጀርባ የሚቆም፣ የይፋት ተራራ የሚሳልበት ሰሌዳ ሥራልኝ። ስስ ይሁን፤ ግን እንዳይጣመም» አለኝ። እንጨቱንም ራሱ አስመጥቶ ፊቴ ዘረገፈው። አንዱን ሳነሳ ክው አልኩ። ሎህ ነው! ልጆቻችን ቁርኣን የሚቀሩበት ሰሌዳ፤ የጻፉበት ቀለም እንኳ አልለቀቀም። ለካ ያን ሰሞን ለመንገዱ ብለው ካፈረሱት ቁርኣን ቤት የመጣ ኖሯል።

«ጽሑፉን እጠብና ግጠመው» አለ። ደሜ ፈላ፤ ግን በር ላይ ባለጠመንጃ ቆሟል። ሳህን ላይ አጠብኩት። የሎህ እጣቢ እኛ ዘንድ እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ስለዚህ ቢስሚላህ ብዬ እጣቢውን መጠጣት ጀመርኩ። ገሚሱን ጠጥቼ ሳህኑን መሬት ላይ ሳስቀምጥ ጣሊያኑ በሳቅ ፈረሰ። «ንጹህ ውሃ ስጡት እንጂ!»

«ጠምቶኝ አይደለም በለው» አልኩት አስተርጓሚውን። «የአላህ ቃል መሬት አይደፋም በለው።»

ነገረው። ሰውዬው ዝቅ ብሎ ሳህኑን አየና በጫማው ጫፍ ገፍቶ ደፋው።

መዶሻዬን ወረወርኩ። «ተራራህን ራስህ አቁመው!»

አስተርጓሚው መተርጎም ፈራ፤ ሰውዬው ግን ከፊቴ ገብቶታል። እዚያው መንገድ ላይ ድንጋይ ፍለጥ ተባልኩ። እጄ እስኪላጥ ፈለጥኩ። ቢያንስ ድንጋዩ ላይ የማንም ልጅ አልጻፈበትም።