ከጠጠሩ በታች

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ልጆቼ፤ ቦታ አለ። ቁጭ ብለው ካልሰሙት የሚያመልጥ ነገር ነው።

አንድ የጦር ሰፈር ተዘግቶ ለሕዝብ ሊሰጥ ሆነ፤ በጋራዡ ቦታ የሕፃናት መዋያ ሊሠራበት። አጽድተው እንዲያስረክቡ የታዘዙት የጋራዡ ኃላፊ የነበሩት ሃምሳ አለቃ ናቸው። ድንጋዩን ኖራ ቀቡ፤ ሜዳውን አዲስ ጠጠር አለበሱ። በር ላይ ቆመው የአፈርና የውኃ መርማሪ ሲጠብቁ የመጣችው የወንድማቸው ልጅ ሆና ተገኘች።

«ዘመድ ላከልኝ! በይ ንጹሕ ነው በዪና ቤት ሄደን እንጫወት» አሏት።

«ቆፍሬ ሳላይ፣ አጎቴ?»

«ዝንብ የሚያርፍበት ቆሻሻ የለም እኮ። ቢኖርስ፣ አፈር ሁሉን ይውጣል።»

«መዋጡንስ ይውጣል፤ መፍጨቱን ነው የማይችለው።»

ዘይትና ነዳጅ ወደ ታች እየሰረገ ከጉድጓድ ውኃ እንደሚደርስ፣ ደንቡም የሚለካው ዓይን ያየውን ሳይሆን ሕፃን የሚድህበትን አፈርና የሚጠጣውን ውኃ እንደሆነ በትሕትና አስረዳቻቸው። እሳቸው ግን እኛስ መቼ ሞትን፣ የዘንድሮ ልጅ ቅምጥል ነው እያሉ ሣቁባት።

«እርስዎ ጠመንጃ ሲፈትሹ የሰደፉን ማብረቅረቅ አይተው ያልፉ ነበር?»

«ምን ሲደረግ! ነጭ ጨርቅ በአፈሙዙ ከትቼ ነው እንጂ። ጠቁሮ ከወጣ ወታደሩ ወዮለት።»

«እኔም ጨርቄን ልክተት ነው የመጣሁት። የት ልቆፍር? ከእርስዎ በላይ ግቢውን የሚያውቅ የለም።»

ሃምሳ አለቃው በአጥሩ ጥግ ያለውን ባዶ ቦታ አሳዩአት። አመነቻቸውና ሄዳ ተንበረከከች።

ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃው ዞረው መሐል ሜዳውን አዩ። ጎብኚ አለቃ በመጣ ቁጥር አቧራው እንዳይነሣ በሜዳው ላይ የተቃጠለ ዘይት ያስረጩ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ብልሃተኛ ተብለው ተመስግነውበታል። ሜዳው ጠጠር የለበሰውም ያ ጥቁረት እንዳይታይ ነው። ወንድማቸው አደራ ያላቸውን ልጅ እያታለሉ መሆናቸው ፊታቸውን አጋለው፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ።

«ተዪው፣ ልጄ» አሏት፣ ቀና ብለው ሳያዩአት። «እዚያ ጨርቅሽ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው።»

መሐል ሜዳ ወስደው ጠጠሩን በጫማቸው ገፈፉት። ሽታው ቀድሞ ወጣ። እሷም ሳትገሥጻቸው ተንበርክካ መቆፈር ጀመረች።

ርክክቡ ዘገየ። የጠቆረው አፈር ተዝቆ ወጣ፣ የጉድጓዱ ውኃ ተመረመረ፣ በተዛቀው ቦታ ንጹሕ አፈር ተሞላ። ዛሬ እናቶች ልጆቻቸውን ያለ ሥጋት ያውሉበታል፤ ውኃውም ይጠጣል፤ በመሬቱም ላይ ጎመን ይበቅላል። ሃምሳ አለቃው በዚያ ሲያልፉ አሁንም አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ልጆቹ ግን በአጥሩ ቀዳዳ እጃቸውን ያወዛውዙላቸዋል።

እናንተም ቤት ስትለቁ፣ ቦታ ስታስረክቡ፣ ከጠጠሩ በታች ያለውን አስቡልኝ፤ አደራ።