ሁለተኛው ጉርሻ

ባለቤቴ ሥራው ደምበጫ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሁለቱን ልጆች ይዤ የምራወጠው እኔው ነኝ። ሳጥብ፣ ሳለብስ፣ ሳጎርስ የራሴን ቁርስ ሳልቀምስ እወጣለሁ።

በቀደም ታዲያ የሥራ ጋዋኔን ስተኩስ መብራት ጠፋ። እያጉረመረምኩ እንደተጨማደደ ለበስኩትና ልጆቹን እየጎተትኩ ልወጣ ስል፣ የአምስት ዓመቷ ልጄ ከሳህኗ ፍርፍር ጠቅልላ "እማዬ፣ በሞቴ!" አለችኝ። ጎረስኩላት። ባጃጁ ደጅ ላይ ጡሩምባውን ይነፋል። ቁልፌን ሳወጣ ቀሚሴን ያዘችኝ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለዋል እማማ ጥሩ።" ይህን ሁሉ የሚያስተምሯት ጎረቤታችን ናቸው።

"ልጄ፣ ረፍዶብኛል!"

"እንጣላ ታዲያ?"

ምን ላድርግ፣ ጎንበስ ብዬ አፌን ከፈትኩ።

ሁለተኛውን አላምጬ ሳልጨርስ አምፖሉ ቦግ አለ። ታናሽየው "መብራት መጣ!" እያለ ሲዘል እኔ ክው አልኩ። ካውያው! እንደተሰካ አልጋው ላይ ትቼዋለሁ። ሮጬ ነቀልኩት፤ ብርድ ልብሱ ገና መሞቁ ነበር። ቤቱን ቆልፈን ሄደን ቢሆን ኖሮ... ብቻ ተመስገን።

ባጃጁ ጥሎን ሄዶ አርፍጄ ገባሁ። አለቃዬ "ዛሬ ደግሞ ምን አቆየሽ?" ቢሉኝ፣ "ከልጄ እንዳልጣላ ብዬ ነው" አልኳቸው።