መንገዱ ለምን ጎበጠ
የመካነ ሰላም አሮጌው መንገድ እትዬ ዘሃራ ቤት ጋ ሲደርስ ለምን እንደሚጎብጥ ታውቃላችሁ? በአብዮቱ ጊዜ አንድ የሰፈራችን ካድሬ ገመድ ወጥሮ መጣና "መንገዱ ቀጥ ይላል፣ ይህ ቤት ይፈርሳል!" አለ። በድርቁ ስንቱን ርሃብተኛ ያስጠለለ ቤት እኮ ነው! እስላም ክርስቲያኑ ተጠራርተን ቅሬ የምንለውን የእድራችንን የለቅሶ ድንኳን መንገዱ መሀል ተከልነው።

"ማን ሞተ?" አለ ደንግጦ።

"እስካሁንስ ማንም። ግን ይህን ቤት የነካ ከነቤተሰቡ ከቅሬ ይወጣል። እናትህ ሲሞቱ ብቻህን ተሸክመህ ትቀብራለህ፤ ጉልበት እንደሁ አላነሰህ!" አልሁት።

እናቱ ከሰው መሀል "አንተ ልጅ፣ ገመዱን ጠቅልል!" ብለው ጮኹበት። ጠቀለለ።

ይኸው መንገዱ እስከዛሬ ጎባጣ ነው። እኔ ግን በዚያ ሳልፍ ደረቴን ነፍቼ፣ ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው!