ካለበት ያልተነቃነቀ ሞተር

ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው የሰማሁት። ባዶ ጀሪካን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ ገበሬ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጠው ከእሱ ጋር ያወራሉ።

«ሐይቅ ናፍጣ የለም አሉኝ። ውጫሌ አይጠፋም ብዬ ነው።»

«ቢገኝስ ዋጋውን ይችሉታል አባባ? ግብሩም የመንገዱም ክፍያ እኮ እዚያው ናፍጣው ላይ ነው።»

«የምን መንገድ?»

«የመንገድ ጥገና ነዋ። ብዙ የነዳ ብዙ ይከፍላል። እኔ እንኳ ልክ ነው ባይ ነኝ፤ አስፋልቱን የምንጨርሰው እኛው ነን።»

«እኔ የምቀዳው ሽንኩርት ለማጠጣበት የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ከተከልኩት ወዲህ ካለበት አልተነቃነቀም። የቱን አስፋልት ጨረሰ?»

«እሱስ እውነትዎን ነው። ግን መኪና ውስጥ ይግባ ሞተር ውስጥ፣ ዋጋው ያው ነው።»

«እንግዲያ እስከ ዛሬ ለመንገድ ስከፍል ነው የኖርኩት በለኛ።»

«ከፍለዋል እንጂ።»

«ወላሂ አላወቅሁም።»

ጀሪካኑን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው ቀጠሉ።

«አምና ልጄን ምጥ ሲይዛት በቃሬዛ ነው ያወጣናት። እኛ መንደር መኪና አይገባም፤ መንገድ የለማ። ጎረቤቱ ሁሉ እየተቀባበለ ተሸከማት።»

«አብሽሩ አባባ። ሐኪም ቤት ደረሰች?»

«አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ አለፈች።»

«አላህ ይዘንላት።»

«አሚን።»

«ታዲያ አሁን ናፍጣውን ይተዉታል?»

«ካገኘሁማ እቀዳለሁ እንጂ። ሽንኩርቱ ምን አጠፋ?»

ከሥራችን የሚሮጠውን፣ እሳቸው የከፈሉለትን አስፋልት እያሰብኩ፣ ሳላውቀው እግሬን ከመኪናው ወለል ላይ አነሳሁ።