በሰማይ ላይ «በሞቴ» ያለችኝ ልጅ

ከናዝሬት ወደ ሻሸመኔ ስንጓዝ፣ አጠገቤ ለተቀመጡት እናት ብርቱካን ብሰጣቸው «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ስላሉኝ ወደ ዘንቢሌ መለስኩት። ከወዲያ በኩል የተቀመጠው ጎልማሳ ካፖርታቸውን አየና ወሬ ጀመረ።

«እማማ፣ ይሄን የመሰለ ካፖርት ከየት አገኙ?»

«ከምሥራቅ ጀርመን። ለትምህርት የሄደች ልጄ ወልዳ፣ ልጠይቃት ሄጄ።»

«በአውሮፕላን? አልፈሩም?»

«ፍርሃቱንስ ተወው፤ ረሃቡ ሊገድለኝ ነበር።»

«ምግብ አይሰጡም እንዴ?»

«ይሰጣሉ እንጂ! አስተናጋጇ ትሪ ይዛ ስትመጣ ‹ጠግቤያለሁ› አልኳት።»

«ጠግበው ነበር?»

«ከየት አምጥቼ! ትለምነኛለች ብዬ ነዋ። እሷ እቴ፣ ‹እሺ› ብላኝ አለፈች።»

«ወይ ጉድ! ከዚያስ?»

«ዓይኔ ጎረቤቴ ትሪ ላይ ተተክሎ ቀረ። ልጅቷ አይታኝ ኖሮ ተመለሰች። ‹እማማ፣ በሞቴ!› አለችኝ። ‹ተዪኝ ልጄ› አልኳት። ‹አፈር ስሆን!› ብላ በእጇ አጎረሰችኝ።»

«እሰይ!»

«ምን እሱ ብቻ! ትራስ አምጥታ ከአንገቴ ሥር አደረገችልኝ፤ እግሬን በብርድ ልብስ ሸፈነችልኝ። የወለድኳትስ ብትሆን ከዚህ በላይ ምን ታደርግልኛለች? የእናቷ ማኅፀን ይባረክ!»

ቅድም የመለስኩትን ብርቱካን ከዘንቢሌ አውጥቼ መላጥ ጀመርኩ።