ሲበርድ እንመጣለን

የተከበራችሁ የወንድሜ ልጆች፣ ጎረቤቶች፣ የጋራዥ ሰዎች፤ ወደ ቀብሩ ብቻውን ስላላስወጣችሁት እግዜር ያክብርልኝ። ልጁ አጭር አድርገው ብላኛለች። እኔም ረጅም የምጽፍበት ፊደል የለኝ።

ይህን ሰው ቀዝቃዛው የምትሉት ለምን ነበር? ኩርፊያ አያውቅም። ያገለገለ የመኪና ሞተር ልንገዛ ስንሄድ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶ፣ አሙቆ ይጠብቀናል። የሞቀ ሞተር ሕመሙን ይደብቃላ! እሱ ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ መዳፉን ብረቱ ላይ ይጭናል። ሞቆ ካገኘው፣ «ሲበርድ እንመጣለን» ይላል። በቃ። ክርክር የለም።

አንድ ነጋዴ አዲስ ቀለም የተቀባ ሞተር አቀረበልንና፣ «አባባ፣ ሞተር ነው ወይስ ሕፃን የሚዳብሱት?» አለው።

«ሕፃን ይሻላል፤ ትኩሳቱን አይደብቅም» አለው።

በማግስቱ ማለዳ ተመለስን። ያ ሞተር እየሳለ፣ እያቃሰተ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋብን። ነጋዴው ጫማውን ያይ ጀመር። ቀዝቃዛው ሞተሩን በሸራ ከድኖለት ወጣ።

ጆሮው ከደከመ ወዲህ እኔ ጆሮ ሆንኩለት። ሞተር ሲነሳ እሱ የሚያየው የእኔን ፊት ነው። ፊቴ ከተኮሳተረ፣ «እንሂድ» ይላል። ሁለት ሽማግሌ ተደምረን አንድ መካኒክ ነበርን። አሁን ፊቴን ማን ያይልኛል?

ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ቤቴ ሰው ሞልቶት ነበር። እሱ መጣ፣ መዳፉን ትከሻዬ ላይ ጫነ፣ ወዲያው ሄደ። ተቀየምኩት። ኋላ ሰው ሁሉ ወደየጉዳዩ ተመልሶ፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሲሆን፣ በሬን ያንኳኳው ማን ነበር? እሱ። «አሁን በርዷል ብዬ መጣሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ መምጣት አላቋረጠም።

ባለቤቴ ትነዳት የነበረችው አሮጌ መኪና ግቢዬ ውስጥ ቆማለች። ሞተር መርጠን ገዛንላት፣ አብረን ገጠምነው። ላስነሳው ስል፣ «ቅዳሜ ማለዳ እመጣለሁ፣ ያለ እኔ እንዳትነካው» አለኝ። ቅዳሜ ቁልፉን ይዤ በር በሩን ሳይ አረፈድኩ። መርዶውን ይዛ የመጣችው ልጁ ናት።

እንግዲያው መኪናዋ ቆማ ትቅር ብዬ ነበር። እልኸኛ መሆኔን ታውቃላችሁ። ዛሬ ጠዋት ግን፣ ወንድሜ፣ ከቤት ሳትወጣ መዳፍህን ያዝኩት። ስንት ብረት የዳሰሰ መዳፍ፣ እንዲህ በርዶ አያውቅም። ያኔ ልቤ ተመለሰ።

ነገ ማለዳ እጄን ብረቱ ላይ እጭናለሁ። አስነሳዋለሁም። ፊቴን የሚያይ ባይኖርም፣ በደንብ እሰማልሃለሁ። መኪናዋ ከተነሳች መጀመሪያ የምትመጣው ወደዚህ፣ ወደ መቃብርህ ነው።

ዛሬ እዚህ ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ያለቅስልሃል። ነገ ወደየጉዳያቸው ይሄዳሉ፤ የሰው ወግ ነው፣ አልቀየምም።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ። እኔ ሲበርድ እመጣለሁ።