የሀምዳን ዲሽ

አቶ ዳኜ ዊንጌት ሰፈር የታክሲ ሰልፍ ላይ ሄራንን ባያገኟት ኖሮ በጎረቤታቸው በሀምዳን ላይ የቋጠሩትን ቂም ይዘውት መቃብር ይወርዱ ነበር። ሄራን የአጥቢያቸው ልጅ ናት፤ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ አሁን ታስተምራለች።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የመዝሙር ጣቢያው መጣልዎት?»

«የት ይመጣል! ሀምዳን ዲሹን አጠገቤ ተክሎ ሲግናሌን ሲስብብኝ ከረመ። አውርድ አልኩት፣ አወረደ። ግን ያው ነው። አንድ ነገር ሳያደርግበት አይቀርም።»

አቶ ሀምዳን በአንድ ግቢ አብረዋቸው ያረጁ ባለሱቅ ነበሩ። ከሞቱ ወር አልሞላቸውም። ጉለሌ ውስጥ ሰው የተጣላውንም ይቀብራል፤ እኒህ ሽማግሌ ግን በቴሌቪዥን ተቀይመው የወዳጃቸውን ለቅሶ አልደረሱም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ አንዱ ዲሽ የሌላውን አይቀማም። ፀሐይ እሳቸው ደጅ ስለወጣች ከእርስዎ ደጅ ትጎድላለች?»

«ፀሐይ ሌላ፣ ይሄ ሌላ! እሱ ዲሹን በተከለ በሳምንቱ ነው ጣቢያዬ የጠፋው። ምን ትያለሽ?»

«ጣቢያው ፍሪኩዌንሲውን፣ የሚሰራጭበትን ቁጥር፣ ቀይሮ ነዋ! ከሳተላይት የሚመጣው ፍሪኩዌንሲ እጅግ ከፍተኛ ነው፤ እንዳለ በኬብል ቢላክ ቤት ሳይደርስ ይደክማል። ስለዚህ ዲሹ ፊት ያለችው ኤልኤንቢ ዝቅ ታደርገዋለች። ሪሲቨሩ ደግሞ ከወረደለት መካከል የተሰጠውን ቁጥር ብቻ ፈልጎ ይይዛል። የእርስዎ ሪሲቨር እስከ ዛሬ አሮጌው ቁጥር ላይ ይጠብቃል፤ እዚያ ግን ማንም የለም።»

ዳኜ አላመኑም። ቤት ድረስ ይዘዋት ሄዱ። ሄራን በሪሞቱ አዲሱን ቁጥር አስገብታ ሰርች ብታደርግ ቤቱ በመዝሙር ተሞላ። ሽማግሌው ደስ አላላቸውም፤ አፈሩ። ቴሌቪዥኑን ራሳቸው አጥፍተው ግቢውን ተሻገሩና የሟቹን ሚስት የጀዊሪያን በር አንኳኩ።

«ጀዊሪያ፣ በድያችኋለሁ። ዲሻችሁን ነገ ራሴ አስተክለዋለሁ።»

«ቴሌቪዥንዎ ሠራ?»

«ሠራ።»

«አልሐምዱሊላህ። ሀምዳንም ‹ቁጥሩ ተቀይሮ ነው፣ ላስተካክልለት› ብሎ ቤትዎ መጥቶ ነበር፤ እርስዎ በር ዘጉበት። በመጨረሻው ሰሞን ታሞ ተኝቶ ከቴሌቪዥን ቁርአን ሊሰማ ፈለገ። ዲሹን እንመልሰው ብንለው፣ ‹ተዉት፣ ዳኜ ይከፋዋል› አለን።»

ዳኜ በማግስቱ ማለዳ ሠራተኛ ይዘው መጥተው ዲሹን አስተከሉ።

ዛሬ ሁለቱ ዲሾች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሁለቱም ቤት የልቡን ያያል፣ ማንም ከማንም አልጎደለበትም። ጣቢያ ጠፋብኝ ብሎ ጎረቤቱን የሚያማ ሰው ሲያጋጥማቸው ዳኜ «መጀመሪያ ቁጥሩን ጠይቅ፣ ላስተካክል ብሎ በርህን ያንኳኳውንም ሰው አስገባው» ይሉታል። መልካም ምክር ነው፣ ብዙ ጠብ አብርዷል። ሀምዳን ግን ቁርአኑን ሳይሰማ ሞቷል።